ድልድዩ ሳይታሰር

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ መስኮቱን እከፍታለሁ። ከዚያ ውሃ እጥዳለሁ፤ ውሃው እስኪፈላ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ዳቦ እቆርጣለሁ። አማቴ ከእኔ ቀድመው ይነቃሉ፤ ግን ሻዩን ይዤ እስክገባ ድረስ እንደተኙ ሆነው ይጠብቁኛል። እኔም እንዳልነቁ ቆጥሬ በሩን ቀስ አድርጌ እገፋለሁ። በሁለታችን መካከል እንዲህ ያለ ትንንሽ መተዛዘን ብዙ ነው። ስለ ትልቁ ነገር አናወራም።

የዚያን ቀንም እንዲሁ ነበር። አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙና ከወገባቸው በላይ ዘንበል ቀና፣ ዘንበል ቀና ማለት ጀመሩ። ትኩስ ነገር ሲጠጡ እንዲህ ያደርጋሉ። ሲያስቡም፣ ሲራመዱም እንዲሁ ናቸው። ባለቤቴ ከእናቱ የወረሰው አፍንጫቸውንና ይህን ዘንበል ቀና ማለት ነበር።

“ዛሬም በአውቶቡስ ነው የምትሄጂው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እማማ።”

“ድልድዩ እዚሁ አፍንጫሽ ሥር ተዘርግቶልሽ አንቺ ከተማውን ትዞሪያለሽ።”

“አውቶቡሱ ይመቸኛል።”

“ይመቻታል!” አሉ ለሻያቸው። “በሰው ክርን እየተደቆሰች ይመቻታል።”

ዳቦውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁት። አልነኩትም።

“ዛሬ ሊያስሩት ነው አሉ” አሉ።

“ምኑን?”

“ድልድዩን ነዋ። ወተት የምታመጣዋ ሴትዮ ናት የነገረችኝ። ከሥር በብረት ጠፍረው ፀጥ ሊያደርጉት ነው። ከነገ ጀምሮ ብትረግጪው እንደ አስፋልት ነው። ምን ይታወቃል እኔም ከእንግዲህ… ሳይታሰር አንድ ጊዜ ብታሻግሪኝ ምን ነበረበት?”

“ሥራ አለብኝ፣ እማማ። ዛሬ የመዝገበ ቃላቱ የኤስ ፊደል ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።”

“የእናንተ ፊደል ደግሞ! ሁልጊዜ ይሄዳል ትያለሽ፤ የደረሰ ቀን ጥሪኝ።”

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁና ድልድዩን በግራዬ ትቼ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።

ድልድዩ ሰፈራችንንና መሀል ከተማውን በሚለየው ወንዝ ላይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የሳንቃ ድልድይ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። ሰው ሲሄድበት ይወዛወዛል፤ አስደንጋጭ አይደለም፤ እንቅልፍ ሊወስደው ያለ ሕፃን የተኛበትን አልጋ እንደ መነቅነቅ ነው። አንዳንዱ ይፈራዋል፤ አንዳንዱ ሆዱን ይገለብጠዋል፤ ይታሰር ብለው ቅሬታ ያስገቡትም እነዚህ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ግን በተጋባንበት ዘመን ሁሉ ወደ ሥራ የሄድነው በእሱ ላይ ነው። የምንሠራውም አንድ ቤት ነበር።

ያ ቤት መዝገበ ቃላት ይሠራል። የእንግሊዝኛውን ቃል ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመልሳለን። ቢሮው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነው፤ ወለሉ ሳንቃ፣ ኮሪደሩ ረጅም፣ መስኮቶቹ ትልልቅ። አለቃችን ዓረፍተ ነገር ስለሚሞርዱ ከጀርባቸው “ሞረድ” እንላቸዋለን፤ ከፊታቸው “ጋሼ”። ሞረድ ቤቱን ሲከፍቱ አንድ ደንብ አወጡ፦ እግርህ ያላወቀውን እጅህ አይጻፈው። የእንቅስቃሴ ቃል የሚጽፍ ሰው እንቅስቃሴውን ራሱ ማድረግ አለበት። ስለዚህ በኮሪደራችን ላይ የተማሩ ሰዎች ያነክሳሉ፣ ይንፏቀቃሉ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ እንደ ሌባ ይሹለከለካሉ። አንድ ጊዜ የቤት ኪራይ ሊያስከፍል የመጣ ሰው ሁለት ሊቃውንት በአራት እግራቸው ሲሄዱ አግኝቶ ሳይጠይቅ ተመልሷል።

የእንቅስቃሴ ቃላት የእኔና የባለቤቴ ድርሻ ነበሩ። እሱ ያደርጋል፤ እኔ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ረጅም ሰው ነበር፤ ሰውነቱ ግን ይታዘዝለታል። “መንገዳገድ”ን ሲሠራ ዘበኛው ሰክሯል ብሎ ክንዱን ይዞ ሊያስተኛው ሞክሯል። “ተዝለፍልፎ መውደቅ”ን የሠራ ዕለት ደግሞ ከሥር ያለው ልብስ ሰፊ ጣሪያው ሲያስገመግም ሰምቶ ባልዲ ውሃ ይዞ በደረጃው ሮጠና፣ ማንም ሳይቀድመው ሙሉውን ደፋበት። ባለቤቴ ከወለሉ ሳይነሳ፣ ውሃው ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ፣ “ጻፊ፤ ይህኛው መውደቅ ከውሃ ጋር ነው” አለኝ። ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ ሰላም ሲለን ባልዲው አጠገቡ ነው።

ከእሱ ጋር ጀምረን ያልጨረስነው ቃል አንድ ነበር፤ ስዌይ የሚለው።

አጭር ቃል ነው። ባለቤቴ ከየት እንደመጣ ሲያነብ ከርሟል። ከሰሜን ባሕር ማዶ፣ ከመርከበኞች አገር የመጣ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ በእነዚያ ሰዎች አፍ ማጉበጥ፣ መለመጥ ማለት ነበር፤ ቅርንጫፍ ሲለመጥ። ቀስ በቀስ ነፋስ ለሚያወዛውዘው ነገር ሁሉ ስም ሆነ። ከዚያ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል፤ ከዚያ የሰው ልብ ሲያዘነብል። በመጨረሻ የንጉሥ ሥልጣን ስም ሆነ፤ ሳይነካህ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚያዘነብልህ ማለት ነው።

“ከመጉበጥ ተነስቶ ዙፋን ላይ የወጣ ቃል” አለን ባለቤቴ አንድ ቀን።

“ስንቱ ሰው ጎብጦ አይደል እንዴ ዙፋን ላይ የወጣው” አለችው ሳቂታዋ። ሳቂታዋ የእንስሳትና የዕፀዋት ቃላት ኃላፊ ናት፤ ጠረጴዛዋ ከእኛ ፊት ለፊት ነው። እሷ በሌለችበት ቀን ቢሮው የሚያስነጥስ ሰው እንኳ ይናፍቀዋል።

“ይህ ቃል ግን ኮሪደር ላይ አይሠራም” አለኝ ባለቤቴ በዚያው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ። ድልድዩ መሀል ደርሰን ነበር። “ለብቻ የሚደረግ አይደለም። አንድ የሚያዘነብል፣ አንድ የሚዘነብል ይፈልጋል። እዚህ ነው የሚሠራው።”

ይህን ሲል የድሮ ክርክራችንን መቀስቀሱ ነበር። ድልድዩ ላይ ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ስንጀምር እርምጃችን ለየብቻ ነው፤ ወደ መሀል ስንደርስ አንድ ይሆናል። አንዳችን ሳናውቀው እርምጃችንን እንለውጣለን። እሱ “እኔ ነኝ የምከተልሽ፤ አንቺ ድልድዩን እርምጃሽን ታስይዣለሽ፣ ድልድዩ እኔን ይወስደኛል” ይላል። እኔ ደግሞ “በፍጹም፤ የምከተለው እኔ ነኝ” እላለሁ። ሌሎች ባልና ሚስት የሚጣሉት እኔ ልምራ፣ እኔ ልምራ በሚል ነው። እኛ መከተልን ነበር የምንሻማው።

“እንፈትነው” አለኝ። “አንቺ ከከተማው ወገን ጀምሪ፣ እኔ ከቤታችን ወገን። ሳንተያይ፣ እግር እግራችንን እያየን። መሀል ላይ እስክንገናኝ ድረስ እርምጃውን የለወጠ እሱ ተከታይ ነው። ከዚያ ቃሉን ትጽፊያለሽ።”

“መቼ?”

“ዝናቡ ሲያባራ።”

ዝናቡ ሳያባራ ታመመ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ድልድዩን የተውኩት ለዚህ ነው። ፈርቼው አይደለም፤ ወይም እንደ ሌሎቹ አልፈራሁትም። ብቻዬን ስሻገር እንደ ድሮው ቢወዛወዝ፣ ያ ሁሉ የእኔ እግር ብቻ ነበር ማለት ነው። ባይወዛወዝ ደግሞ፣ የእሱ ነበር፤ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱንም ማወቅ አልፈለግሁም። አውቶቡስ ውስጥ ግን ሰው ምንም ሳያውቅ ይደርሳል።

ቢሮ ስገባ ሞረድ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር።

“ልጄ” አሉኝ፤ ሊቆጡ ሲያስቡ ነው እንዲህ የሚሉት። “የኤስ ፊደል በሙሉ ገብቷል። ያንቺ አንድ ቃል ብቻ ቀርታለች። ማተሚያ ቤቱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ።”

“‘ተወዛወዘ፤ ተጽዕኖ አደረገ’ ብለሽ አራት ነጥብ አድርጊባት። ማን ይከስሻል?”

“የደረቀ ነው፣ ጋሼ” አለች ሳቂታዋ ከጠረጴዛዋ ሆና። “ምሳሌ ይግባበት። ‘ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል’ ቢባልስ? ተጽዕኖ ማለት ይህ አይደል? ወይም ደግሞ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር…”

“እንዳትጨርሺው!” አሉ ሞረድ።

“…ተምራ መጣች አልኩ እንጂ ምን ተምራ መጣች አልኩ?”

“መዝገበ ቃላት ነው የምንሠራው!”

“እኮ፤ ጊደሯም ቃል ነው የተማረችው፤ አጭር ቃል።”

ሞረድ እንዳይስቁ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ከከበደሽ ለእሷ ልስጣት?” አሉኝ።

ሳቂታዋ ይህን ስትሰማ ተነሳች። ደግ ሰው ናት፤ ሸክም አነሳሁላት ብላ ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ጫማዋን አወለቀች፤ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋችና በቆመችበት እንደ ዛፍ መወዛወዝ ጀመረች። ጥሩ አድርጋ ነበር የምታደርገው። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ብርሃን በክንዶቿ መካከል ይመላለሳል። ከሥር የልብስ ሰፊው መኪና ይንጣጣል። እኔ ግን እሱ ለዚያ ቃል አንድም ቀን ያልቆመበትን ኮሪደር አየሁ። ቃሉ በሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ ሊያልቅ ነበር። ነገ የታተመ ወረቀት ይሆናል፤ እኔና እሱ የቀጠርነው ነገር ከዚያ በኋላ አይኖርም።

“ይቅር” አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ሳቂታዋ ዓይኗን ገለጠች። “ጋሼ፣ አላደረግሁትም። ያላደረግሁትን መጻፍ አልችልም። ደንቡ የእርስዎ ነው። እስከ ከሰዓት ጊዜ ይስጡኝ።”

“ወዴት ልትሄጂ?”

“ድልድዩ ላይ።”

 ሞረድ የባለቤቴን ጠረጴዛ እንዳያዩ ሲጠነቀቁ አየኋቸው። ከዚያ “ሂጂ” አሉ። “የቤታችን ደንብ ነው።”

ደረጃውን ስወርድ ሳቂታዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ ጮኸችብኝ፦ “ብትወድቂ እንዳትጽፊው! መውደቅን በኤፍ አስገብተን ጨርሰነዋል!”

ድልድዩ አፍ ላይ ቀይ ገመድ ተወጥሮ ነበር። የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል፤ ሠራተኞች ከሥር፣ ከወንዙ ዳር፣ መሰላል ያቆማሉ። ፎርማኑ የራስ ቁሩን ወደ ማጅራቱ ገፍቶ ብርቱካን ይልጣል።

“ተዘግቷል፣ እትዬ።”

“እባክህ ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ። ለሥራ ነው።”

“የምን ሥራ?”

“መዝገበ ቃላት።”

ብርቱካኑን መላጥ አቆመ። “ቃል ለመጻፍ ነው ድልድይ የሚሻገሩት?”

“አዎ።”

“እኔ እዚህ ቆሜ ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ” አለ ወደ ጓደኛው ዞሮ። “‘ሚስቴ ምጥ ላይ ናት’ ብሎ ጠዋት ያለፈ ሰው፣ አሁን ተመልሶ ‘ወለደች’ ብሎ አልፏል፤ በጀርባው ካርቶን ቢራ ተሸክሞ። እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም።” ገመዱን በአንድ እጁ ከፍ አደረገልኝ። “ይለፉ። እውነት ካልሆነ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይፈጥራል። ብቻ ቶሎ፤ ማሰር ልንጀምር ነው።”

ገባሁ።

ሳንቃው እግሬን እንደ እንግዳ ተቀበለው። የጫማዬ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ድልድዩ ዝም አለ። እግር እግሬን እያየሁ ሄድኩ፤ እንደተባባልነው። በሳንቃዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ወንዙ ይታያል፤ ደብዛዛ፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል። ነፋስ ነበር፤ ግን የሚነቀንቀው እኔን ነው እንጂ ድልድዩን አይደለም። እንግዲያው የእሱ ነበር አልኩ በልቤ። ሄዷል። ይህን ሳስብ እንባ አልመጣብኝም፤ አንድ ነገር ሲቆለፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ነበር በውስጤ። መራመዴን ቀጠልኩ፤ ቃሉን ቢያንስ ከዚያ ማዶ ላይ አስቤ እጽፈዋለሁ ብዬ።

ከዚያ ሳንቃው ከሥሬ ተነፈሰ።

ሌላ የምለው ቃል የለኝም። ትንሽ ከፍ አለ፤ ወደ ግራ ሄደ፤ ጠበቀ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ። የሽቦ ገመዶቹ ሲያንጎራጉሩ ተሰማኝ፤ ሰው በአፍንጫው እንደሚያዜም። የሁለቱም ዳርቻ ዛፎች ዘንበል ብለው ቀና አሉ፤ የተሰጣው ልብስ፣ የቤቶቹ መስኮት፣ ውሃው ላይ የወደቀው የደመና ጥላ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ዘንበል፣ ቀና። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሰውነቴ ላላ። ወደ ግራ ረዘም ያለ እርምጃ፣ ትንሽ ማረፍ፣ ወደ ቀኝ ረዘም ያለ እርምጃ። ይህን እርምጃ አውቀዋለሁ። ጎኔ ላይ ሞቅታ የተሰማኝ መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም። ብዞር ምን እንደሚሆን ስለማውቅ፣ ሳንቃ ሳንቃውን እያየሁ ሄድኩ። እጄ ብቻ ሳላዘው ከጎኔ ትንሽ ራቅ አለ፤ ድሮ እጁ ይገባበት የነበረውን ያህል።

እንዲህ ሆኜ ምን ያህል እንደሄድኩ አላውቅም። ልብ ስል እግሬ የራሱን እርምጃ ትቷል። ቶሎ ቶሎ የምራመደው እኔ፣ እንደ ረጅም ሰው ረዘም አድርጌ፣ አረፍ እያልኩ እየሄድኩ ነው። የለወጥኩት እኔ ነበርኩ። ማንም ሳይነካኝ፣ ማንም ሳያዘኝ።

ያን ጊዜ ራሴን ቀና አደረግሁ።

ከቤታችን ወገን አማቴ ይመጣሉ። ብቻቸውን። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ በአንድ እጃቸው የሽቦ ገመዱን፣ በሌላው ከዘራቸውን ይዘው፣ ዘንበል ቀና፣ ዘንበል ቀና እያሉ ይመጣሉ። ልክ እንደ ልጃቸው። ወይም ልጃቸው ልክ እንደ እሳቸው ነበር። ድልድዩን ያወዛወዘው የእሳቸው እግር ነው፤ ከዚያ ማዶ በሳንቃው ሥር እስከ እኔ ድረስ የመጣው።

መሀል ላይ ተገናኘን። ድልድዩ ቶሎ አልቆመም፤ ሁለታችንንም ይዞ ጥቂት ጊዜ ተወዛወዘ።

“አላሻግርም ብለሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አሉኝ።

“እማማ፣ እንዴት ብቻዎን! ሠራተኞቹ አላስቆሙዎትም?”

“ሞክረው ነበር እኮ።” ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ሳቁ። “አንደኛው ‘እማማ፣ አደጋ አለው’ ሲለኝ ‘በእኔ ዕድሜ አደጋ የሚፈራው እኔን ነው’ ብዬው አለፍኩ።”

ከዘራቸውን ተቀበልኳቸውና ክንዳቸውን ያዝኩ። ለምን እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ግን ወንዙን እያዩ፣ “ከመስኮቱ አያችሁ ነበር” አሉ። “ጠዋት ጠዋት ሁለታችሁ እዚህ ጋ ስትደርሱ ትታዩኛላችሁ። ማታም። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ ብቀመጥም የሚታየኝ ሰው ሁሉ ያለ አመሉ ነው የሚሄደው።”

ስለ ትልቁ ነገር ስንነጋገር ይህ የመጀመሪያችን ነበር። 

“እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከመስኮቱ ሲያዩን፣ ማን ነበር ማንን የሚከተለው?”

“ይህም ይጠየቃል? የእኔ ልጅ ማንንም ተከትሎ አያውቅም።”

“እሱ ግን እኔን እንደሚከተል ይምል ነበር።”

“ውሸታም!” አሉ። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባቸው። “በልጅነቱም እንዲሁ ነበር። የሠራውን መልካም ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ነው ያደረገው ይላል።”

ፎርማኑ ከከተማው ወገን ፊሽካ ነፋ። ዞረን ወደ ከተማው ወገን ሄድን። እሳቸው በእርምጃቸው፣ እኔም በእሳቸው እርምጃ። ገመዱን ስናልፍ ፎርማኑ አማቴን አየና የራስ ቁሩን አነሳ። “ቃሉ ተገኘ?” አለኝ።

“ተገኘ።”

“አንዷ ቃል ይህች ናት? ከብዳለች እኮ” አለ በአገጩ ወደ አማቴ እያመለከተ፤ አማቴም በከዘራቸው ጫማውን መቱት፤ ቀስ ብለው ነው።

ቢሮ ስንገባ ሳቂታዋ ሮጣ ወንበር ፈለገች። አማቴ ግን ማንም ሳያሳያቸው የልጃቸው ጠረጴዛ ጋ ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዘንበል ቀና ማለት ጀመሩ፤ ወንበሩም ያንን የቆየ ሲጢጥታውን ጀመረ፤ ግራ ሲሉ አንዴ፣ ቀኝ ሲሉ አንዴ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ማንም ራሱን ከወረቀቱ ቀና አላደረገም።  እኔ በዚያ ሲጢጥታ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦

ስዌይ። ከሥር ሳይነቀል ወዲያና ወዲህ ማለት፤ መወዛወዝ (ዛፍ፣ ድልድይ፣ የሚያስብ ሰው)። ወደ አንድ ወገን ማዘንበል። ሳይነኩ፣ ሳያዙ የሌላውን ልብ ማዘንበል፤ እንዲህ ያለ ኃይል። አብሮ የሚሄድን ሰው እርምጃ፣ ሳያውቀው፣ ወደ ራስ እርምጃ መለወጥ።

ሞረድ ቆመው አነበቡት። እርሳሳቸውን አወጡ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ እርሳሱ አየር ላይ ቆየ።

“ይህ ፍቺ አይደለም፣ ልጄ” አሉኝ። “ምሳሌ ነው።”

“እንደ ምሳሌ ይግባ፣ ጋሼ።”

ቀስት ሳሉና ወደ ታች አወረዱት። ሌላውን አልነኩም። ከሰዓት በኋላ የማተሚያ ቤቱ ሰው መጥቶ የኤስ ፊደልን በካርቶን ይዞ ሄደ። አማቴ በመስኮቱ ሲያዩት ቆዩና፣ “እውነትም ይሄዳል ለካ” አሉ። ወደ ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ነው፤ ድልድዩን ማሰር ጀምረው ነበር።

አሁን ጠዋት ስነሳ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ውሃ እጥዳለሁ፣ ዳቦ እቆርጣለሁ። ከሻይ በኋላ ቦርሳዬን ይዤ በድልድዩ እሄዳለሁ፤ በእግር ቅርብ ነው። አማቴ ከመስኮቱ ያዩኛል፤ መሀል ላይ ስደርስ እጄን አነሳላቸዋለሁ። ሳንቃው ጠንካራ ነው፤ ነፋስ ቢነፍስም ዝም ይላል። ክርክሩን ረትቻለሁ፤ የምከተለው እኔ ነበርኩ። ድልድዩ አይወዛወዝም፤ ይህን የምነግረውም ሰው የለም።